ካርዱ አይሞቅም!

ሰው ጥፋቱን የሚናገረው ወይ ሲያዝ ወይ ሲያረጅ ነው። እኔን እስካሁን የያዘኝ የለም፤ የቀረውን እናንተው ገምቱት።

ጊዜው ክልላችን ገና አዲስ የነበረበት ነው። አዲስ ስላችሁ የቀለሙ ሽታ ያልለቀቀው ማለቴ ነው። ቢሮው አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ፣ እኛም አዲስ። አሶሳ ውስጥ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡት የማንጎ ዛፎቹ ብቻ ይመስሉን ነበር። የክልሉ ስም ረጅም ከመሆኑ የተነሳ የቢሮአችን ታይፒስት ጠዋት «ቤኒሻንጉል» ብላ የጀመረችው ደብዳቤ «ጉሙዝ» ላይ ሲደርስ የሻይ ሰዓት ይሆናል እያልን እንቀልድባት ነበር።

እኔ የዚያ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያነቴን ያገኘሁት አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ ነው። ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ይዤው በሄድኩት ወባ ተኝቼ አሳልፌዋለሁ። ቢሆንም የቀሩት ሁለቱ ለአሶሳ በቂ ነበሩ። ኮምፒውተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ይጠሩኛል፤ አጠፋዋለሁ፤ አበራዋለሁ፤ ይነሳል። «እጁ መድኃኒት ነው» ይላሉ። እኔም ቀስ በቀስ አመንኳቸው። መከራዬ የጀመረው ያመንኳቸው ዕለት ነው።

ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። ሐሩን የመንጌ ወረዳ ልጅ ነው፤ ብሔረሰቡ በርታ ነው፤ እቅድ ክፍል ይሠራል፤ ንግግሩ እንደ ወርቅ ነው፣ ብዙ ቆፍረህ ትንሽ ታገኛለህ። ገመቹ ደግሞ ቤተሰቦቹ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ፣ ንብረት ክፍል የሚሠራ፣ መዝሙር ሳያንጎራጉር ቁልፍ የማይከፍት ሰው ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። ያደግኩበት መንደር ስም አልነበረውም፤ ቁጥር እንጂ። «አገርህ የት ነው?» ስባል ቁጥር ስናገር ሰው የቤቴን ስልክ የነገርኩት ይመስለዋል።

እኛን ሦስታችንን ያዋደደን ኳስ ነው። የሜዳ ኳስ አይደለም፤ የኮምፒውተር ኳስ። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃውን በጨረታ ሸጠና ከዚያ ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር ተጋግዘን ገዛነው። እኔ ተከራይቼ በምኖርበት፣ ግድግዳው በጭቃ በተመረገ ቀርቀሃ በተሠራ ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። እሑድ ከሰዓት መብራት ሲኖር ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ተደርድረን እንጫወታለን።

ጨዋታው ግን አዝጋሚ ነበር። አዝጋሚ ስል ኳሱ ተመትቶ መረብ እስኪነካ ገመቹ አንድ ማንጎ ልጦ ይበላል። በረኛው የሚወረወረው ጎሉ ከገባ፣ ደስታው ካለቀ፣ ተጫዋቾቹም ወደ መሃል ከተመለሱ በኋላ ነው። «ማሎ! ይሄ በረኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንዴ?» ይላል ገመቹ።

እኔም ባለሙያው ምርመራ አድርጌ ውጤቱን ተናገርኩ። ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር ያስፈልገናል። የካርዱ ሥራ ስዕል መሳል ነው። እሱ ከሌለ የኮምፒውተሩ አእምሮ ጨዋታውንም ያስባል፣ ስዕሉንም ይስላል። ሚስቱ አራስ የሆነችበት ገበሬ ማለት ነው፤ ቀን ያርሳል፣ ገብቶም ያበስላል። እንዴት ይፍጠን?

«ካርቱም ይገኝ ይሆን?» አለ ሐሩን።

ሐሩን ካርቱም የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው። በክፉው ጊዜ በኩርሙክ ድንበር በኩል እንደወጣ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተያዩም። ሐሩን በነጋዴ እጅ ደብዳቤ ላከለት። ከአራት ወር በኋላ ካርዱ ከነሲዲው መጣ፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ጋዜጣው በጨርቅ ታስሮ፣ ጨርቁ በሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ። ሐሩን ቋጠሮውን ፈታ። ካርዱን ከማየቱ በፊት ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። እኔና ገመቹ ያላየን መስለን ወደ ጣሪያው አንጋጠጥን።

ካርዱን ገጠምኩት። ሲዲውን ጫንኩ። ኮምፒውተሩም የካርዱን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ጻፈልን። አጨበጨብን። ጨዋታውን ከፈትን። ሐሩን መታ። ኳሱ ሄደ። ገመቹ ማንጎውን ልጦ ጨረሰ። ኳሱ ገባ። በረኛው ተወረወረ።

«ገና አልተላመደም ይሆናል» አልኩ። ሁለት ሳምንት የተማረ ሰው የሚለው ይህንን ነው።

በማግስቱ አወጣሁት፤ መልሼ ከተትኩት። ምንም። በሦስተኛው ቀን በቀለም ብሩሽ አቧራውን ጠረግሁለት። ምንም። ካርዱን ስነካው ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ ሁሉ ሲግል እሱ ብቻ እንደ እንስራ ይቀዘቅዛል። ጥላ ሥር የተኛ ሰው ነው እንጂ ሥራ ላይ ያለ አይመስልም።

በአምስተኛው ቀን ጥፋቱን ወደ መብራቱ አዞርኩት። «የእኔ ሰፈር መብራት አቅም የለውም፤ ቢሮ እንውሰደው» ብዬ ኮምፒውተሩን በእጅ ጋሪ ጭነን፣ በብርድ ልብስ ሸፍነን በገበያው መሃል ገፋነው። ቀዩ አፈር ላይ ጋሪው በተንገዳገደ ቁጥር ሐሩን ዕቃውን በሁለት እጁ ያቅፈዋል። በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር በጋሪ ሲሄድ ያየ ሰው ዝም አይልም። «ማን ነው የታመመው?» አለን አንዱ። ገመቹ «ካርድ ነው» ሲል መለሰለት። ሰውየው ከንፈሩን መጥጦ አለፈ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ቢሮም በረኛው አልተለወጠም።

በሰባተኛው ቀን ቴሌ ሄድኩና ተሰልፌ አዲስ አበባ ያለው አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። የዚያን ጊዜ የስልክ ሳጥን በሩ አይዘጋም፤ ድምፅ ደግሞ የሚሰማው ስትጮህ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ጉዳይ የሰልፈኛው ሁሉ ጉዳይ ነበር።

«ካርድ አውጥቻለሁ!» እያልኩ ጮህኩ። «አዎ! ሁለት ጊዜ አውጥቻለሁ! … አይሞቅም! በጣም ቀዝቃዛ ነው! … ከፍተን አይተነዋል! ውስጡ ንጹሕ ነው! … አዎ፣ ስሙን ያውቃል፤ ግን ሥራ የለም! … ተስፋ አለው ወይ?»

አስተማሪዬ በሩቁ ሳቅ አለና «ገመዱን ግን…» ብሎ ጀመረ። መስመሩ ተቆረጠ።

ገመዱን ምን? መልሼ ብሰለፍም መስመር የለም ተባልኩ። ገመድ ማለቱ የመብራት ገመዱን ነው ብዬ ወሰንኩና አዲስ የመብራት ገመድ ገዛሁ። ያም አልሆነ። በስምንተኛው ቀን ያደረግሁትን ግን ለልጆቼም አልነገርኩም፦ የሚሠራ ካርድ ይሞቃል ከተባለ፣ ይሙቅ ብዬ አውጥቼ የአሶሳ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ሞቀ። አስሮጥኩና ከነሙቀቱ ገጠምኩት። በረኛው ግን የተሰጣ ካርድ ሰምቶም አያውቅ።

በዘጠነኛው ቀን ሐሩን የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ወደ ግልገል በለስ። በሚመጣው ረቡዕ ይሄዳል። ያኔ ከአሶሳ ግልገል በለስ ለመድረስ ከክልልህ ወጥተህ፣ የሰው ክልል አቋርጠህ፣ ወለጋንና ጎጃምን ዞረህ ተመልሰህ ክልልህ ትገባለህ። መሄድ ማለት መሄድ ነበር።

ሻይ ቤት፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሐሩን ብርጭቆውን እያዞረ «ከመሄዴ በፊት አንድ ጨዋታ ደህና አድርገን ብንጫወት ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ምናልባት አገጣጠሙ ይሆን?» ሲል ጨመረ።

አገጣጠሙ! እጁ መድኃኒት የሆነውን ሰው! ደሜ ፈላ።

«ችግሩ እኔ ጋ አይደለም» አልኩት። «ወንድምህ የሞተ ዕቃ ነው የላከልህ። ካርቱም የጣሉትን አንስቶ።»

ገመቹ መዝሙሩን አቋረጠ። ሐሩን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ በሰባት ዓመት የላከው ነገር ይሄ ብቻ ነው» አለ። ተነሣና ሄደ። ሻዩ ግማሹ እንኳ አልተጠጣም ነበር።

ሁለት ቀን መንገድ ላይ ስንተላለፍ አላየኝም። እኔም ኩራቴ አልለቅ ብሎኝ የሰው አጥር አያለሁ። ማታ ግን ካርዱን በጣቴ ስነካው ቅዝቃዜው ከእሱ ይሁን ከእኔ አልለይ አለኝ።

እሑድ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እናቴ ናት። ከኋላዋ ሦስት የመንደራችን ሴቶች ነጠላ ተከናንበው ቆመዋል። አንዷ እትዬ ዘይነብ ናት፤ ገበያ መጥታ ቴሌ ለአጎቷ ልትደውል ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው።

እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «እኔን አፈር ይብላኝ! እንዴት ለእናትህ ሳትነግር ትከፈታለህ?»

«ምን ተከፈትኩ?»

«ዘይነብ በጆሮዋ ሰምታለች። ካርድ አውጥተህ፣ ሰውነትህ አልሞቅ ብሎ፣ ከፍተው አይተውህ፣ ተስፋ አለው ወይ እያልክ ስትጮህ።»

«እማዬ፣ እኔ አልታመምኩም። የኮምፒውተር ካርድ ነው።»

«ሐኪሙ ኮምፒውተር ነው?»

«ሐኪም የለም!»

«ሐኪም እንኳ የለም ይላል» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ፤ እንባዋ መጣ። ከዘንቢሏ ቅቤ፣ ማርና በጠርሙስ የተበጠበጠ አብሽ አወጣች። «አብሽር ልጄ፤ ይሄን ጠጣ።» በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጠጣሁ። ከወሎ እናት ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አብሹ ከጉሮሮዬ ሳይወርድ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ገመቹ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው፤ የሐሩን አጎት፣ በየመንደሩ የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው። ሐሩን ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ገመቹ ሊያስታርቀን አስቦ ነው፤ እናቴ መምጣቷን አላወቀም። ጋሽ ሙስጠፋ ሴቶቹ ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አልጋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ አብሽ ስጠጣ ሲያዩ ደነገጡ። ምንም ሳይጠይቁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ሴቶቹ «አሚን» አሉ። ሐሩንም ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታመህ ነው እንዴ?» አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ጤነኛ ነኝ» አልኩ። ማንም አላመነኝም።

ነገሩን ለማስረዳት እኔ አንድ ጊዜ፣ ገመቹ ሁለት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ ጋሽ ሙስጠፋ እጃቸውን አነሡ።

«ኸላስ፣ በቃ። ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ ምን አልክ ለሐሩን?»

«ወንድምህ የሞተ ዕቃ ላከ አልኩት።»

«ዕቃ ሞተ፣ አንተ በምን አወቅክ?»

«አይሞቅም።»

«ዕቃ አሳየኝ። ሰው ሳይታይ አይቀበርም።»

ኮምፒውተሩን አዙሬ ጀርባውን አሳየኋቸው። ጎኑ ክፍት ነበር። ጋሽ ሙስጠፋ መነጽራቸውን አጥልቀው ተንበረከኩ። ስለ ካርዱ ምንም አልጠየቁም። ቴሌቪዥን የሚመስለውን፣ የስዕሉን ማሳያ፣ በጣታቸው ነኩና ከእሱ የሚወጣውን ገመድ ይዘው፣ ቱቦ እንደሚከተል ሰው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሄዱ። ገመዱ የተሰካበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ገመድ ምን ይወስዳል?»

«ስዕሉን» አልኩ።

«ስዕል ማን ይሠራል?»

«ካርዱ።»

ጣታቸውን ከገመዱ ሳያነሡ በሌላው እጃቸው ካርዱን አመለከቱ። ከገመዱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

«አዲስ ፓምፕ እዚህ ነው። ቱቦ ግን አሮጌ ጉድጓድ ገባ። ታዲያ ፓምፑ ለማን ይሠራል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገመዱ የተሰካው ኮምፒውተሩ ድሮ ከእናቱ ሆድ ይዞት በመጣው ቀዳዳ ላይ ነው። ካርዱ የራሱ ቀዳዳ ነበረው፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክዳን የለበሰ። ክዳኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ። አዲስ ዕቃ ስለሆነ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው ያላነሣሁት። አገራችን የሶፋ ላስቲክ አምስት ዓመት የማይነሣበት አገር አይደለም?

ክዳኑን በጥፍሬ አነሣሁ። ገመዱን ነቅዬ ታች ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አበራን፤ ጨዋታውን ከፈትን። ሐሩን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና መታ። ኳሱ በረረ! በረኛውም በረረ! ያዘው! የሣሩ ቅጠል እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ገመቹ «ያ ዋቃ!» ብሎ ራሱን ያዘ፤ እጁ ላይ ያለው ማንጎ ገና አልተላጠም ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካርዱን ነካሁት። ሞቋል። «ሞቀ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ተነሥታ መጣችና በመዳፏ ጀርባ ዳበስ አደረገችው።

«ለካ ትኩሳቱ ያለው እዚህ ነው!» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐሩን ሳይቀር ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ። «ወንድምህን በማያውቀው ነገር ወንጀለኛ አደረግሁት። ይቅር በለኝ» አልኩት።

«መዕለሽ» አለ፤ ምንም አይደለም ማለቱ ነው። ጋሽ ሙስጠፋ ግን «መዕለሽ አይበቃም» አሉ። «የተሰደበው ሐሩን አይደለም፤ ወንድሙ ነው። ካርቱም ደብዳቤ ጻፍ፤ ይቅርታ በል።»

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ስድቡን አልሰማም! ያልሰማውን ስድብ በደብዳቤ ላሰማው?»

«አላህ ሰምቷል። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ጋሽ ሙስጠፋ ወደ ዓረብኛ መለሱት፤ ወደ ኩርሙክ የሚወርድ ነጋዴ ወሰደው። እስከ ረቡዕ ባለው ጊዜ ሦስታችን ከሥራ በኋላ መብራት በተገኘ ቁጥር ተጫወትን። ሐሩን ስምንት ጊዜ አሸነፈኝ። ሁለቱን አውቄ ነው የተሸነፍኩለት፤ ስድስቱን ግን በእውነት። ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘነው። ካርዱን ውሰደው ብንለው እንቢ አለ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብሎ እንደ በረኛ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ገመቹ ባዶ አየር በእግሩ መታለት።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ሙስጠፋ መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እያቆራረጡ ተረጎሙልኝ። ወንድምየው እንዲህ ይላል፦ ይቅርታህ ደርሶኛል። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ ዕቃውን አላውቀውም። ሻጩን «ይሠራል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «አላህ ያውቃል» አለኝ። ወንድሜ በሰባት ዓመት አንድ ነገር ጠይቆኝ የለም ማለት ስላልቻልኩ ላክሁት። ከላክሁ ጀምሮ ካልሠራ ምን ይለኛል እያልኩ እጨነቅ ነበር። ሠራ ስላልከኝ አላህ ይስጥህ።

ጋሽ ሙስጠፋ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይሄ ደብዳቤ አልመጣም» አሉ። «ወንድሙ ጥሩ ዕቃ መረጠ፤ አውቆ ላከ። ሐሩን እንዲህ ያውቃል። ኸላስ።»

ኸላስ አልኩ። ጋሽ ሙስጠፋ አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ገመቹ ባምባሲ የልጅ ልጅ ያያል። ሐሩንም እዚያው ግልገል በለስ አግብቶ ወልዶ ቀረ፤ መጀመሪያ በየወሩ እንጻጻፍ ነበር፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ ከዚያ በበዓል፣ ከዚያ ሁላችንም እንደምናደርገው ሆንን። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ቃሌን ጠብቄ ኖሬ ዛሬ ለእናንተ አወጣሁት።

ሐሩን ይህን ካነበበ ይቆጣል። ይቆጣ። ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፤ ቤቴ እዚያው አሶሳ ነው።